ከአንሶላው ስር

አልጋው ባዶ ነበር፤ አንሶላውም የለም። ዳቦ ጋጋሪው ባሏ ከታመመ ወዲህ ብቻውን ተነስቶ አያውቅም። ሴትዮዋ ወደ መጋገሪያው ክፍል ገባች። አንሶላው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ከስሩ የሆነ ነገር ተጋድሟል። ዕድሜዋን ሙሉ ሊጥ ስትሸፍን የኖረች ሴት ናት፤ ፍርሃት የገባበት ዓይን ግን ያልተፈጠረውን ያያል። ጭንቅላት አየች፤ ትከሻ አየች፤ ያንን ሁሌ የምትስቅበትን ቦርጭ አየች።

«አንተ ከንቱ! ምነው ሳትሰናበተኝ?» አለች ወገቧን ይዛ። «መልክህን እኮ እወደው ነበር፤ አልነገርኩህም እንጂ።» እጁን ልትይዝ አንሶላውን ገለጠችው። የተድቦለቦለው ሊጥ ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

«ቀጥይ እንጂ እሜቴ፤ መልኬ ላይ ነበርሽ» አለ ባሏ ከምድጃው ጥግ፣ ዱቄት በዱቄት ሆኖ። «የሊጡ ጨርቅ ባይደርቅልኝ ነው አንሶላውን ያለበስኩት።»

«ለሊጡ ነው የነገርኩት!» ብላ ጮኸችበት። ሄዳም ግንባሩን ዳሰሰችው፤ ትኩሳቱ ለቆታል። «ደግሞ ሳትነግረኝ ተነስ፤ ያኔ እኔው ራሴ እገድልሃለሁ!» አለችው። እጇን ግን ከግንባሩ ላይ አላነሳችም።