የሐና ዝርክርክነት

ጋሽ ኤርጎ ከካንጋተን እስከ ቀይ አፈር በየጤና ጣቢያው ሠላሳ ዓመት በድሬሰርነት ሠርተዋል። ጂንካ ውስጥ በሚኖሩበት የአረጋውያን ማረፊያ አዲስ የተቀጠረችው ነርስ ሐና ምን ያህል ዝርክርክ እንደሆነች ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም።

በሩ ጋ ሳትደርስ በነጠላ ጫማዋ ድምፅ ያውቋታል። ስም የተጻፈባቸውን ሁለት የኪኒን ፖስታዎች በየአልጋው ራስጌ ባለው ኮመዲኖ ላይ አንዳንድ ጣል አድርጋ ትወጣለች። ሲዋጥ ቆማ አታይም። አንዱ የእሳቸው የደም ግፊት፣ ሌላው አብረዋቸው የሚተኙት የጋሽ ጎሳዬ የስኳር መድኃኒት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ኤርጎ ፖስታዎቹን በመስኮቱ ብርሃን አዩና ሳቁ።

"አቀያይራዋለች። የእኔን ላንተ፣ ያንተን ለእኔ። ተማረች የሚሏት ይቺን ነው።"

ጋሽ ጎሳዬ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የጨረሱ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው። "አንተ ካልክ" ብለው የተሰጣቸውን ዋጡ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ኤርጎ በየጠዋቱ አቀያየሩ። ለአስተዳዳሪው አልተናገሩም፤ እሱም ቢሆን ከእሷ የሚሻል አልመሰላቸውም።

ጋሽ ጎሳዬ ግን ውኃ ጥም ያዛቸው። ጆግ ሙሉ ጠጥተው አይረኩም። ጋሽ ኤርጎ ሲቀዱላቸው ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

"ብርጭቆ እንኳን ቦታው አታስቀምጥም" አሉ።

እሳቸውንም ከምሳ በፊት ላብ ያጠምቃቸው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የዚህ ቤት ቁርስ ቁርስ አይደለማ።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ጎሳዬ ጠዋት ሲቀሰቀሱ አልነቁም። መኪና ተጠርቶ ሆስፒታል ተወሰዱ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ራሱ ወደ ማረፊያው መጣ። ፊቱ ጥሩ ወሬ የያዘ አይመስልም።

"ስኳራቸው ከልክ በላይ ወጥቷል። መድኃኒቱን ጨርሶ የወሰዱ አይመስልም" አለ።

ሐና በሩ ሥር ቆማ ታለቅሳለች። "ስማቸውን ጽፌ በየቀኑ አስቀምጣለሁ፣ ዶክተር።"

"ታስቀምጣለች!" አሉ ጋሽ ኤርጎ። ለዚህች ሰዓት ያቆዩትን፣ የዛሬውን ፖስታ ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ፊት ለፊታቸው ዘረጉት። "ይኸው፣ ዶክተር። ጎሳዬ አጠገብ ነበር ያስቀመጠችው። የተጻፈበትን ላንብብልህ፤ 'ኤርጎ' ይላል።"

ሐኪሙ "ጎሳዬ" የሚል በትልልቁ የተጻፈበትን ፖስታ፣ ከያዙበት ሳይወስድ፣ ከተዘቀዘቀበት ቀስ ብሎ አቀናላቸው።