ከርነሉ የሰጠው ቦታ

የልጅቷ ታላቅ ወንድም ኮምፒውተር ላይ ከተጣደ፣ እንኳን የእህቱ ለፍላፊነት ቤቱ ቢቃጠልም አይሰማውም። የሚሠራው ከርነሉን ነው፤ ለፕሮግራሞች ሁሉ ሜሞሪ፣ ማለትም የመሥሪያ ቦታ፣ የሚያከፋፍለውን የማሽኑን ልብ።

"ጋሼ፣ ይቺ መስመር ምን ትሠራለች?" አለችው ትከሻው ላይ ተደግፋ።

"አንድ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ፣ የሚያስገባው ነገር ብዛትና የእያንዳንዱ መጠን ተባዝቶ ቁጥሩ ከልክ ካለፈ፣ 'አይቻልም' ትላለች። እሷ ባትኖር ቁጥሩ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። ከርነሉም ተታሎ ትንሽ ቦታ ይሰጥና ብዙ ይገባበታል፤ የተረፈው የጎረቤቱን ቦታ ይወርራል።"

"ወሬ ብቻ። እስቲ ሰርዛትና አሳየኝ።"

"አንቺ ምላሳም፣ ማሽኑ ሲወድቅ ታያለሽ።" መስመሯን ሰረዘና ለከርነሉ ግዙፍ ቁጥር ሰጠው።

ማሽኑ አልወደቀም። "ሁሉም ገብቷል" የሚል ጽሑፍ ብቻ መጣ። የወንድሟ ፊት አመድ መሰለ።

"ታዲያ የት ገባ?" አለች እየሳቀች።

ከግድግዳው ማዶ፣ በጎረቤቱ ክፍል፣ ታማ የተኛችው እናታቸው "ኧረ ቀስ፣ እግሬን ረገጣችሁኝ" ስትል ተሰማ። ቤት ውስጥ ከሦስቱ በቀር ሰው አልነበረም።

ወንድሟ መስመሯን መለሳት። ልጅቷ ወደ እናቷ ክፍል ሮጠች። በሩን ስትገፋው ጣት የሚያስገባ ያህል ተከፈተና ቆመ። ከውስጥ ሙቅና ለስላሳ ነገር፣ እንደ ብዙ ሰው ጀርባ፣ መልሶ ገፋት።

"እማዬ?"

የእናቷ ድምፅ ከዚያች ጠባብ ክፍል ሳይሆን ከሰፊ ሜዳ ማዶ የመጣ ይመስል ነበር።

"ጠጋ በሉላት" አለች። "ልጄ ናት፣ ትግባ።"