የመጀመሪያው ናሙና

ፕሮፌሰሩ ግራ ጭኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «የመጀመሪያው የጡንቻ ናሙና የተወሰደው ከዚህ ነው» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ፣ አምና የሞተው የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጣ አላጨበጨበችም። የአጥንትና የጡንቻ ምርምር ክፍሉ ሠላሳኛ ዓመቱን ሲያከብር «እትዬ፣ የጓደኛዬን ምርኩዝ ለኤግዚቢሽኑ ያምጡልኝ፤ እሱ የሌለበት ታሪክ ምን ታሪክ ነው?» ብሎ የጠራት ራሱ ፕሮፌሰሩ ነበር። ያኔ ምርምሩ ሲጀመር ከጭኑ የጡንቻ ቁራሽ የሚሰጥ ሰው ሲጠፋ ሱሪውን የሰበሰበው ባሏ ነው። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ስድስት ወር ያጠበችው ደግሞ እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ባሏ እስኪሞት ድረስ አነከሰ።

«ፕሮፌሰር፣ ጠባሳውን ያሳዩና እንመን» አለ ከኋላ አንድ ቀልደኛ።

«ጠባሳው ይቅርባችሁ፤ ይልቅ አካሄዴን እዩ» አለ ፕሮፌሰሩ። እሷ ያመጣችውን ምርኩዝ ከጠረጴዛው አንስቶ መድረኩን እያነከሰ አቋረጠው። ግራ እግሩን ወደ ውጭ ጣል፣ ቀኝ ትከሻውን ዘንበል፣ ከመዞሩ በፊት ትንሽ ቆም አደረገ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ለእሷ ግን በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው የኖረችው የባሏ አካሄድ ነበር፤ አንድም ነገር አልጎደለውም። ለካ ፕሮፌሰሩ ይህን ሁሉ ዓመት ከባሏ አጠገብ ሲሄድ ሲያጠናው ኖሯል።

ተነስታ መድረኩ ሥር ቆመች። «ምርኩዙን ስጠኝ፣ ወንድሜ» አለችው በቀስታ።

ዓይኗን ሳያይ አቀበላት። ከዚያም ሁለቱንም እግሮቹን እኩል እየረገጠ ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰ።