ማንም ማለት ማንም ነው

የሥነ ዜጋ መምህሩ ሦስቱን የመንግሥት አካላት ማስሸምደድ ቢሰለቸው ክፍሉን ለሦስት ከፈለው። በመስኮቱ በኩል ያሉት ሕግ አውጪ፣ መሃል ያሉት ሕግ አስፈጻሚ፣ በሩ አጠገብ ያሉት ሕግ ተርጓሚ ሆኑ።

ሕግ አውጪዎቹ ጊዜ አላጠፉም። ከደውል በኋላ የመጣ ማንም ሰው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ውጭ ይንበርከክ ብለው በሙሉ ድምፅ አጸደቁ።

"ማንም ሲባል እነማንን ይጨምራል?" አለች የዳኞቹ ሰብሳቢ ነጃት።

"ማንም ማለት ማንም ነው" አለ መምህሩ ደረቱን ነፍቶ። "ከሕግ በላይ ሰው የለም።"

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ አቶ ጥጋቡ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከደውሉ ጀምሮ ሊገመግሙ ቀጥረውት ነበር። መምህሩ ግን ታክሲ አጥቶ ዘገየ። ሲደርስ ሶፎንያስ የሚባለው ተማሪ በሩ ላይ ተንበርክኳል።

ነጃት ምክንያቱን በትዕግሥት አዳመጠችው።

"ሶፎንያስም ታክሲ አጣሁ ነው ያለን" ብላ ፈረደች። አስፈጻሚዎቹ እንዲወጣ በሩን በአክብሮት ከፈቱለት።

ከሶፎንያስ ጎን እንደተንበረከከ አቶ ጥጋቡ እየተጣደፉ መጡ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ተፈርዶብኝ ነው።"

"ማን አባቱ ነው የፈረደብህ?"

በሩን በርግደው ገቡ። ቁጣቸው ኮሪደሩን ሞላው። ቀጥሎ የነጃት ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

በሩ ተከፈተ። አቶ ጥጋቡ ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው፣

"እስቲ ጠጋ በሉልኝ" አሉ።