ያለ ሲዲ

ሰው የሚስቱን ላፕቶፕ ለማስደምሰስ ይህን ያህል ለምን ይጣደፋል? ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው ኮምፒውተር ጠጋኝ መልሱን አላወቀም።

«ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንልኝ፤ ሲዲው ግን የለም» አለ ሰውዬው።

«ችግር የለም ጋሼ፤ ራሱ ላፕቶፑ የዊንዶውሱን ቅጂ ደብቆ ይይዛል። ስልክዎን ይስጡኝ፤ ሲያልቅ ልደውል።»

«እዚሁ እጠብቃለሁ።»

ጠጋኙ ላፕቶፑን ሲገለብጠው ከግርጌው «የስንዱ ነው፤ ከጠፋ ደውሉልኝ» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፏል። ቁጥሩን ስልኩ ላይ መዘገበው። ደንበኛ ኋላ «የሠርግ ፎቶዬስ?» ብሎ እንዳያለቅስበት፣ እንደ ሙያው ልማድ ከመደምሰሱ በፊት ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ቀዳ። ፎቶዎቹ ግን የሠርግ አልነበሩም። ያበጠ ዓይን፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ አንገት ላይ የጣት ሰንበር። ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«ምን ታያለህ አንተ?» ሰውዬው ማጅራቱን ጨምድዶ ግንባሩን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ደግሞም አጋጨው። «አጥፋ ነው ያልኩህ! ፈረንጅ አገር ማጥፋት አላስተማሩህም?»

አጠፋው። የግንባሩ ደም ቁልፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ላፕቶፑ እንደተገዛበት ቀን ባዶ ሆነ።

ሰውዬው ላፕቶፑን አቅፎ ወደ በሩ ሲያመራ፣ ጠጋኙ «ምን አገባኝ?» እያለ አመነታ፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ስልኩን አውጥቶ ጻፈ፦ «እህቴ ስንዱ፣ ፎቶዎችሽ አልጠፉም፤ እኔ ጋ አሉ።» ላከው።

ደጃፉ ላይ፣ ከሰውዬው ኮት ውስጥ፣ ስልክ ጮኸ።

ሰውዬው አውጥቶ አነበበው። ከዚያ ተመልሶ ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈው።