በነጥብ የሚጀምር ፎልደር

"ባዶ ነው" አሉኝ ጋሽ ሙባሪክ፣ አዲሱን ላፕቶፕ ወደ እኔ እያዞሩ። "ደግሞ ፊደሉ አነሰብኝ። ዓይኔ በአንድ ቀን እንዲህ ደከመ ብዬ ጠዋት መነጽር ልለካ ሄጄ ነበር።"

ቡታጅራ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ ነን። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው እኔ ራሴ የሠራሁላቸው ፕሮግራም ነው። ጋሽ ሙባሪክ ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የመስቃንኛ ቃላት ይሰበስባሉ። መንደር ለመንደር እየዞሩ ሰው ያናግራሉ፣ ድምፁን ይቀዳሉ፣ ትርጉሙን ከሥሩ ይጽፋሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲለፉ አይቻለሁ። አሁን ፕሮግራሙ "የተመዘገበ ቃል የለም" ይላል።

"ከአሮጌው ላይ እንዴት ነው ያመጡት?"

"እኔው ነኝ በፍላሽ የገለበጥኩት፤ ማንንም አላስቸገርኩም።" አነጋገራቸው ኩራት ነበረበት። "ዶክመንት የሚለውን፣ ፒክቸር የሚለውን፣ ሙዚቃውን እንኳ ሳላስቀር። ያየሁትን ሁሉ።"

ያየሁትን ሁሉ ሲሉ ክው አልኩ። ዓይናቸው አልደከመም። ላፕቶፖቻቸው በዊንዶውስ ፈንታ በሚሠሩበት በሊኑክስ ላይ፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር እንዲታይ ካላዘዙት በቀር አይታይም። ፕሮግራሙን ስሠራ ትልቅ አድርጌ ያስተካከልኩላቸው የፊደል መጠን የተቀመጠው እንደዚያ ባለ ፎልደር ውስጥ ነበር። ቃላቱንም ያስቀመጥኳቸው እንደዚያው ነው።

"አሮጌው የት ነው ያለው?"

"ለእህቴ ልጅ ለሳሌሃ ሰጠኋት፤ ቆሼ ከተማ የምታስተምረው። ትናንት መጥታ ወሰደችው።"

ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልኩና ስፒከሩን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሳሌሃ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው ያነሳችው።

"አሰላሙ ዐለይኩም አጎቴ። አሁን እኮ ስለ እርስዎ እያወራን ነው። ኤፍሬም የሚባል ባልደረባዬ ዊንዶውስ እየጫነልኝ ነው፤ ይኼኛውን ስላልለመድኩት።"

"ናጃህ ነኝ፣ ከቡታጅራ" አልኩ ሰላምታዋን ሳልመልስ። "መጫኑ የት ደርሷል?"

"ላፕቶፑ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ እያለ ይጠይቀዋል።"

"እጁን ያንሳ። ምንም እንዳይነካ።"

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንኳኳ ተሰማ። "አንስቻለሁ" አለ አንድ የወንድ ድምፅ። "ሁለቱንም።"

የሚጭንበትን ፍላሽ ነቅሎ ላፕቶፑን እንደገና እንዲያስነሳው ነገርኩት። አሮጌ ስለሆነ ለመነሳት ጊዜ ይወስዳል። ጋሽ ሙባሪክ ወንበር ብስብላቸውም አልተቀመጡም።

"እናቴም እዚያ ውስጥ ናት" አሉ ቀስ ብለው። እናታቸው እማማ ሀሊሜ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

"ተነሳ" አለች ሳሌሃ።

"ፋይሎቹን ክፈቺ። ከዚያ ኮንትሮልን ይዘሽ ኤችን ተጫኚ።"

"ኧረ፣ ይኼ ሁሉ ከየት መጣ? ሁሉም ፊቱ ላይ ነጥብ አለው።"

"ሎካል የሚለው ውስጥ ግቢ። ከዚያ ሼር። ከዚያ ቃላት የሚለውን።"

አንድ ሚኒባስ ከመናኸሪያው እየጮኸ ወጣ።

"የድምፅ ፋይሎች ናቸው" አለች። "አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለት ይላል። የመጀመሪያው 'ሙከራ' ነው የሚለው። ልክፈተው?"

ከስልኩ ውስጥ የአሮጊት ድምፅ መጣ፤ ቁጣ ቁጣ ይለዋል። እኔ ስልጤ ስለሆንኩ የመስቃንኛው ግማሹ አመለጠኝ። ጋሽ ሙባሪክ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ እየሳቁ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

"ምን አሉ?"

"አስተማሪው አንተ፣ ጠያቂው አንተ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ነው የምትለኝ። ስሚያት አሁን።"

ምንም አላውቅም ያሉት እማማ ሀሊሜ የእንሰት ዓይነቶችን ስም አንድ በአንድ መጥራት ጀምረው ነበር። አንዱ ካንዱ እንዴት እንደሚለይ፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳቸው። "የፊደል መጠን፣ የመስኮት ስፋት፣ እንዲህ ያለው የፕሮግራሙ ጓዝ ነው። እሱ ቢደበቅ ደግ ነው፤ ፊትዎ ላይ አይዝረከረክም። ቃላቱ ግን የእርስዎ ሥራ ናቸው። እኔ ከጓዙ ጋር ደባልቄ ደበቅኳቸው።"

"ቆጮም እኮ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል" አሉ ጋሽ ሙባሪክ። "ግን ባለቤቱ ጉድጓዱን ያውቀዋል። አንቺ የእኔን ቀብረሽ ዝም አልሽ።" ሳቃቸው ገና አልበረደም ነበር።

ሳሌሃ ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ከሰዓት በሚመጣ ሚኒባስ ልትልክ ተስማማን። እኔም እዚያው ኮዱን ከፍቼ አንዲት መስመር ቀየርኩ። ፕሮግራሙን መልሼ ሳስነሳው ዶክመንት ውስጥ "የመስቃን ቃላት" የሚል ፎልደር ተፈጠረ፤ ነጥብ የለው፣ ምን የለው። ፊደሉንም አተለቅሁት።

"ዓይኔ ዳነ" አሉ።

እማማ ሀሊሜ ከቆሼ አሁንም እየተናገሩ ነው። በመሃል ኤፍሬም ጣልቃ ገባ። "ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ የቸሃ ልጅ ነኝ። እናትዎ አሁን የጠሩትን፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የሚሰጠውን እንሰት፣ በእኛ በቸሃኛ በሌላ ስም ነው የሚጠራው።"

ልመልስለት አፌን ስከፍት ጋሽ ሙባሪክ በእጃቸው አስቆሙኝ። ስልኩን አንስተው ከላፕቶፑ ማይክሮፎን አጠገብ አደረጉና የመቅጃውን ቁልፍ ተጫኑ።

"ድገመው ልጄ" አሉት። "ቀስ ብለህ።"

ኤፍሬም ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ። ባዶው ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ዓይናችን እያየ ብቅ አለ።