የሱፍ ቅባት

ሸራው ላይ ያለው ገዳይ ሽጉጡን በፎጣ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ሲከት የፊልሙ ጥቅልል አለቀ። የአዳራሹ መብራት በራ።

"አሁን ይሄ የሚያልቅበት ቦታ ነው?" አለች ቤሪል። ክላይቭና ሚስቱ ኖሊን የተቀመጡበት ወንበር ጀርባ ናት፤ ጎረቤታቸው ናት።

የእሁድ ከሰዓት ነበር፣ በሰኔ ብርድ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የከተማው ሰው ከየቤቱ ባመጣው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ፊልም አሳዩ ቀጣዩን ጥቅልል እስኪያስገባ ይጠብቃል።

የክላይቭ እጅ በኖሊን እጅ ውስጥ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው። መብራት ሲጠፋ እጁን ትወስዳለች፤ ሲበራ ትመልስለታለች። ዛሬ መብራቱ በርቶም አልመለሰችለትም።

"እኔ የማይገባኝ ሚስቲቱ ናት" አለች ቤሪል። "እሱ ዕቃ ልሸጥ ሄድኩ እያለ የሰው ነፍስ ያጠፋል፣ እሷ ሾርባ ታሞቃለች። ዕውር ናት እንዴ?"

"መንገድ የወጣ ወንድ ማን ያውቀዋል?" አለ ባሏ ሜርቭ። "እኔስ የት እንደምውል መቼ አውቀሽ ታውቂያለሽ?"

"አንተማ መጠጥ ቤት ነህ። መጠጥ ቤት ካጣሁህም ደጃፉ ላይ ወድቀህ ነው።"

ሰው ሳቀ። ክላይቭም ሳቀ። ሰው ሲስቅ መሳቅ ከለመደ ቆይቷል።

ቤሪል ወደ ፊት ጎንበስ አለች። "አንቺስ ኖሊን? ይሄ ዝምተኛ ባልሽ የወሩን እኩሌታ መንገድ ላይ ነው። እንደዚያ ሰውዬ ቢሆን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"በምኑ?"

"በእጁ" አለች ኖሊን።

ቤሪል ጭኗን መታች። "እውነቷን ነው! የሱፍ ሰው እጁ እንደ ሕፃን ቂጥ ይለሰልሳል። ሜርቭ በግ ሸላች በነበረ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ስካሩን የቻልኩት ለእጁ ስል ነው።"

"ለመልኬም ጭምር ነው" አለ ሜርቭ።

ክላይቭ የሱፍ ሰው ነው። በየበግ እርባታው እየዞረ የተሸለተውን ሱፍ በየደረጃው ይለያል። አንዳንድ ጊዜ እውነትም ይለያል። ሌላ ጊዜ ተከፍሎት ሰው ይገድላል።

የበግ ሱፍ ቅባት አለው። ሱፍ ሲዳስስ የሰነበተ ሰው መዳፉ ይወዛል፤ ስንጥቁ ይደፈናል። በዚያ ከተማ ይህን የማያውቅ ስለሌለ፣ ከቀልድ በቀር የሚያወራውም የለም።

ክላይቭ ሁሉን አስቦ ነበር። ትናንት ቤት ከመግባቱ በፊት መንገድ ዳር ቆሞ ጫማውን አቧራ አልብሷል። ካልሲው ላይ ጭጎጎት ለጥፏል። ሸሚዙን በግ በግ እንዲሸት በአሮጌ የበግ ቆዳ ጠቅልሎ አሳድሯል። ሱፍ ልለይ ብሎ የወጣበትን ሦስት ሳምንት የቆየው ግን አደሌድ ከተማ ነበር፣ አንድ ሰው ከቢሮው የሚወጣበትን ሰዓት ሲያጠና። ሐሙስ ዕለት በሁለት ጥይት ገደለው። ከዚያ በሆቴል ሳሙና ታጥቦ ወደ ቤቱ ነዳ።

እጁን አላሰበም።

የኖሊን አውራ ጣት መዳፉ ላይ ሄደች። ከጣቶቹ ሥር ጀምራ እስከ አንጓው ወረደች፤ ተመለሰች። ቆዳው ደረቅ ነበር። የጣቷ ጫፍ ስንጥቁ ላይ ቆመ።

መብራቱ ጠፋ። ሸራው ላይ ገዳዩ ቤቱ ደረሰ፤ ሚስቱ በሩን ከፈተችለት፤ ሳመችው። ቤሪል ከኋላ "ቱ!" አለች።

ኖሊን በጨለማው ውስጥ እጁን ለቀቀች።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ ክላይቭ አላየም።

ሲወጡ ዝናቡ አባርቷል፤ ሰማዩ ግን ገና ጥቁር ነው። ክላይቭ የፒክአፑን በር ከፈተላት። አልገባችም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

"ነገ ትሄዳለህ?"

"እሄዳለሁ። ከወንዙ ማዶ ነው። ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው።"

"በግ አለበት?"

እንዲህ ብላ ጠይቃው አታውቅም። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። ሜርቭና ቤሪል እየተጨቃጨቁ ባጠገባቸው አለፉ። ቤሪል እጇን አውለበለበች፤ ክላይቭ እጁን አላነሳም። ያቺ አንዲት ቃልም አልወጣችም።

ኖሊን ቦርሳዋን ከፍታ ከሥሩ ክዳን ያለው ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

"ቤሪል ሞኝ አይደለችም" አለች። "አንድ ቀን ትጨብጥህ ይሆናል።"

"ኖሊን..."

"በእግሬ እሄዳለሁ።"

"ይዘንባል እኮ።"

"ይዝነብ።"

ክላይቭ ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ቆርቆሮውን አገላበጠው። የሱፍ ቅባት ነው፣ ሱፍ የማይነኩ ሰዎች እጃቸው ሲሰነጠቅ ከሱቅ የሚገዙት። ከሥሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ የሽማግሌው የኦሪን ሱቅ ወረቀት ነው። የኦሪን ሱቅ ተቃጥሏል። እሳቱን ሲያጠፉ ክላይቭም ተሰልፎ ባልዲ አቀብሏል። ሱቁ ከተቃጠለ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ቆርቆሮው ከዚያ በፊት የተገዛ ነው።

ክዳኑን ሊከፍት ሞከረ። ዙሪያውን ዝጎ ተጣብቋል፤ አንድም ቀን አልተከፈተም። ደረቁ ጣቱ ቆርቆሮው ላይ ተንሸራተተ።

ቀና ሲል ኖሊን የእህል ጎተራውን አልፋለች። ዝናቡ ጀምሯል። ሁለት እጇን ካፖርቷ ኪስ ከትታ የመንገዱን መሃል ይዛ ትሄዳለች።